ባየሽና ዓይናማዋ

እህቴ፣ በባየሽ ለመፍረድ አትቸኩይ፤ መጀመሪያ ስሚኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ባየሽ ግን ጨለማ ውስጥ መወልወያ ሞፕ ይዛ ቆማለች። አሜሪካ፣ ሲያትል ዳር ባለችው በዚህች ትንሽ የእንስሳት ማሳያ፣ ዙ በሚሏት፣ የሌሊት እንስሳት ሌሊት መስሏቸው እንዲነሱ ቀኑን መብራት ያጠፉባቸዋል። ከመስታወቱ ወዲያ፣ የፊሊፒንስ ደሴት እንዲመስል፣ ቀርከሃና ሐረግ ተተክሏል፤ ሙቀቱ ላብ ያስወጣል። ታርሲየር የምትባል፣ ጡጫ የምታክል፣ ዓይነ ትልልቅ ጦጣ መሰል እንስሳ ቀርከሃውን አቅፋለች። አንድ ዓይኗ አብጧል። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ፌንጣ አልቀመሰችም።

ማክሰኞ ዕለት ባየሽ ስታጸዳ፣ ይቺ ታርሲየር ገላዋን ሳታነቃንቅ አንገቷን ብቻ ወደ ኋላ አዙራ አፈጠጠችባት። ባየሽ እንዲህ አንገቱ የሚዞር ፍጥረት አይታ አታውቅም። ርኩስ መንፈስ ነው አለች። ከቦርሳዋ የጠበል ጠርሙሷን አውጥታ፣ በአብ በወልድ ብላ፣ ከላይ በጣሪያው የሽቦ ወንፊት በኩል ሦስት ጊዜ ረጨችባት። ፍጥረቷ ዘላ በፊቷ ከመስታወቱ ጋር ተላተመች። ባየሽም ጠርሙሱን እዚያው ጥላ ወጣች።

አሁን መጥሪያ ፔጀር ወገቧ ላይ የሰካችው ኃላፊ፣ ያን ቀን ታርሲየሯ የምትቀመጥበትን ቀርከሃ ማን እንዳረጠበው ትጠይቃለች። ባየሽ ወለሉን መወልወል ትጀምራለች። ባየሽን እዚህ ሥራ ያስገባቻት፣ የባየሽ ልጅ እኩያ የሆነችው ሀዋ ግን፣ «እኔ ነኝ፣ ሳጸዳ ተሳስቼ ነው» ትላለች። ኃላፊዋ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ትጀምራለች። ሌላ ጥፋት ከተገኘባት ሀዋ ከሥራ ትወጣለች።

ሀዋ ወደ ባየሽ ጆሮ ጠጋ ትላለች።

«አይስጉ፣ እትዬ ባየሽ። ጠርሙሱን አንስቼዋለሁ። ጠበል መሆኑን ስላወቅኩ ትራሽ ውስጥ አልጣልኩትም። ልብሴን በምቆልፍበት ሎከር ውስጥ በሻሼ ጠቅልዬ አስቀምጬልዎታለሁ።»

የባየሽ ፊት ይነዳል። ይቺ እስላም ልጅ በሻሽዋ የጠቀለለችውን፣ እሷ ፍጥረት ማስደንገጫ አደረገችው። ቀና ብላ ታርሲየሯን ታያለች። ጣቶቿ የአራስ ልጅ ጣት ይመስላሉ፤ ቀርከሃውን የሙጥኝ ብለው ይንቀጠቀጣሉ።

እንግሊዝኛ ሲያስፈልግ ሁልጊዜ ልጆቿ ናቸው የሚናገሩላት። ዛሬ ልጆቿ የሉም። ሞፑን ግድግዳው ላይ ታስደግፍና የኃላፊዋን እጅጌ ትነካለች።

«ኖት ሀዋ» ትላለች። «ሚ። ዋተር፣ ሚ።»

እስክሪብቶው ይቆማል። ከመስታወቱ ወዲያ ደህነኛዋ ዓይን ባየሽ ላይ አፍጥጣለች። አሁን አንገቷን ያዞረችው ባየሽ ናት።

እህቴ፣ ለጸሎት ስትቆሚ ያቺን ዓይናማም አስቢልኝ።