ያኛው ጉንጭ

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሐኪሙ የአንዲት ዳቦ ጋጋሪ የደም ውጤት አይቶ፣ «ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚታይ ምልክት አለ፤ ግን ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። እስቲ የፊትዎን ፓውደር ይጥረጉት፣ እናቴ» አላት። ዳቦ ጋጋሪዋ እህቷን የቀበረችው እንዲህ ባለ በሽታ እንደነበር አስቀድማ ነግራዋለች። ፓውደሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ፊቴ ቀልቶ ዳቦ ቤት እትዬ ቲማቲም ስለሚሉኝ ነው የምቀባው» አለች፣ ለመሳቅ እየሞከረች።

ሐኪሙ አገጯን ቀና አድርጎ በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ያለውን እጥፋት ሲዳስስ ብዙ ቆየ። «መቅላቱ እጥፋቱ ውስጥም ገብቷል፤ የእህትዎ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ አይወጣም። እሱ አይመስለኝም፤ ተራ የቆዳ መቅላት ነው» አለና እጁን አነሳ። እሷ ግን እፎይ ማለቱን ትታ አንገቷን እንዳቀናች ቀረች። እህቷ ከሞተች ወዲህ ፊቷን የነካ ሰው አልነበረም።

«ዶክተር፣ እስቲ ያኛውንም ጉንጭ ደህና አድርገው ይዩልኝ።»

አየላት። የሰጣት ቀጠሮ ለስድስት ወር ነበር፤ እሷ በወሩ ተመልሳ ሄደች።