ይጠበዋል

«ከእኔ አፍ ምስጢር ከሚወጣ ከድንጋይ ውሃ ቢወጣ ይቀላል» እያለች ልጅቷ ለተጎዱ ሴቶች መጠለያው ምግብ አብሳይ ለእትዬ ጉራዋን ስትቸረችር፣ የበሩ መጥሪያ ጮኸ። የዕለቱ የበር ተረኛ በጎ ፈቃደኛ እሷ ነበረችና ከፈተች። ፈገግታው ከፊቱ የማይወርድ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰውዬ ካርቶን ታቅፎ ቆሟል። «እህቴ፣ ለእርዳታ የሚሆን ነገር ይዤ ነበር» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት ሴት፣ ከትንሽ ልጅ ጋር መጥታ ነበር? ባለቤቷ ነኝ።»

ሴትዮዋን የፈነከታት ባሏ እንደሆነ፣ ዳግም ካገኛትም እንደማይምራት መጠለያው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ልጅቷም ኮስተር ብላ፣ «ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ ያለች ሰው እዚህ የለችም» አለችው። ሰውዬው አልተከራከረም። ከካርቶኑ ሰማያዊ የልጅ ጫማ አወጣና ክሩን በጣቱ እያሻሸ ቀስ ብሎ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላት። እሷም የተለገሰ ጫማ በዓይኗ እየለካች ስታከፋፍል የከረመች ናትና ገልበጥ አድርጋ ሶሉን አየችው። «ይሄማ ይጠበዋል» አለች። «ሃያ ስምንት ቁጥር ቢሆን ልክ ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሰውዬው። ጫማውን እዚያው ትቶ መንገዱን ተሻገረና፣ ከበሩ ትይዩ ካለው አግዳሚ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«የለችም ብዬ ሸኘሁት እኮ፣ እትዬ።»

ሁሉንም ከኋላዋ ሆነው የሰሙት እትዬ በመስኮቱ ወደ አግዳሚው እያዩ የበሩን መቀርቀሪያ ወረወሩ።

«እናቱንስ ደብቀሻታል» አሏት። «የልጁን እግር ግን በቁጥሩ ነገርሽው።»