መንገድ የሚያቀናው ድንጋይ

ልጅቷ የጥንቱ መንደር ቁፋሮ ላይ ከተቀጠረች ጀምሮ በደስታ ልትበር ምንም አልቀራት። ከስንት መቶ ዓመት በፊት ሰው ጥሎት የሄደው ያ ፍርስራሽ መንደር የአያት ቅድመ አያቶቿ አገር ነዋ። ወረርሽኝ ሲገባ ቀድመው ያመለጡት እነሱ ናቸው፤ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይኮራበታል። እሷማ ለጓደኞቿ ስንቴ አውርታዋለች።

በፍርስራሹ መካከል መንገድ ዳር ባለው ቤት ደጃፍ ላይ ትልቅ የድንጋይ ክምር አለ። የሷ አገር ሰው አንድ ድንጋይ ሳይጥልበት አያልፍም። «መንገድ ያቀናል» ትላታለች እናቷ። እሷም በፈተና ሰሞን ትልልቁን እየመረጠች ትጥል ነበር።

ዛሬ ክምሩ ተነሳ። ከኋላው በድንጋይና በጭቃ ከውጭ የተደፈነ በር ወጣ።

«ወርቅ ነው፣ በቃ ሀብታም ሆንን» አለች።

«ወርቅ ከሆነ ድግሱ ባንቺ ነው» አሉ የቁፋሮው ኃላፊ ጋሽ ኅሩይ እየሳቁ።

በሩ ሲከፈት ወርቅ የለም። የሰው አጥንት ነው፤ የአዋቂም የሕፃንም፣ በሩ ሥር ተደራርቦ። የጣት አጥንቶች በድንጋዮቹ መሃል ተሰክተው ቀርተዋል።

ጋሽ ኅሩይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በሽተኞቹ ናቸው። ጤነኞቹ በሕይወት እያሉ ደፍነውባቸው ሄዱ።»

ልጅቷ ጤነኞቹ እነማን እንደሆኑ አልጠየቀችም።

እናቷ ከገበያ ስትመለስ መንገዱ ላይ ቆማ ጠራቻት። በሁለት እጇ ሁለት ድንጋይ ይዛለች።

«ነይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ላንቺም አንስቼልሻለሁ።»