አመድ የለበሰ ድንች

ተክል ውሃ ይሻማናል ተብሎ ከተከለከለ ወዲህ፣ በከተማችን አረንጓዴ ቅጠል ከታየ ድሮን መጥቶ መርዝ ይረጭበታል። እኔም ባለቤቱ ጥሎት በሄደው ጅምር ሕንፃ ግቢ የተከልኩትን ድንች በየማለዳው የከሰል አመድ አለብሰዋለሁ።

ዛሬ ከልጄ ከትርሲት ጋር አመዱን በትነን ሳንጨርስ ዝናብ ጣለ። እናቴ ለዝናብ ስለት ትሳል ነበር፤ እኔ ሰማዩን ረገምኩት። ነጠላዬን አውልቄ ብሸፍነውም አመዱ ታጥቦ ወረደ። የድሮኑ ድምፅ ሲቃረብ «መርዝ ከሚጠጣስ እኔው ልንቀለው» ብዬ ጎንበስ አልኩና አንዱን ግንድ ሳብኩት። ከሥሩ አተር አተር የሚያካክሉ ድንቾች ተንጠልጥለው ወጡ።

ወደሚቀጥለው ስዘረጋ ትርሲት እጄን ያዘችኝ። ከተወለደች ግራጫ ቅጠል እንጂ ሌላ አይታ አታውቅም።

«እማዬ፣ እንዳትነኪው!» አለች፤ «ታሟል፤ አረንጓዴ ሆኗል።»