የጠፋው መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር

አባቴ የአውሮፕላኑ መሰላል ሥር ቆሞ አልወጣም ብሏል። ከኋላችን ተሳፋሪው ተሰልፏል።

«ስንት ኪሎ ሜትር ነው አልሽኝ?» ይላታል አስተናጋጇን።

«ሦስት መቶ አሥር፣ አባባ። አርባ አምስት ደቂቃ ነው።»

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቼበታለሁ። አራት መቶ ሰማንያ ነው። ጎማ ካልፈነዳ አሥራ አንድ ሰዓት። መቶ ሰባውን ማን በላው?»

ሰልፈኛው ይስቃል። እኔ አልስቅም። የዓይን ሐኪሙ የቀጠረን ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ይኼ ካለፈን ቀጣዩ ቀጠሮ ከአምስት ወር በኋላ ነው። የአባቴን ዓይኖች ደግሞ ሞራ ጋርዷቸዋል። ትናንት ልብስ መስቀያውን እንግዳ መስሎት «ቁጭ በል እንጂ!» ሲለው ነበር።

«አባዬ፣ በሞቴ ውጣ።»

«አቋራጭ የሚወድ ሹፌር አምኜ አልሳፈርም።»

አብራሪው ከላይ ከበሩ ብቅ ይላል። «አባባ፣ መቶ ሰባው ጠመዝማዛው ነው። እኛ አንዞርም፤ ቀጥ ብለን ነው የምንሄደው።»

አባቴ ትንሽ ያስባል። «ዳገቱስ?»

«ከላዩ ነው የምናልፈው።»

«ይኼማ ማጭበርበር ነው!» ይልና እየሳቀ መሰላሉን ይረግጣል።

መስኮቱ ጋ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። «መንገዱ ይታይሻል?»

ከታች ቀጭን ግራጫ መስመር ተራራውን ይዞራል። «ይታየኛል።»

«በይ ንገሪኝ፣ እኔ እነዳለሁ።» ዓይኑን ይጨፍናል።

«ወደ ግራ ታጠፈ። አሁን ወደ ቀኝ። እንደገና ወደ ግራ።»

«እሷ ኩርባ ‹አማት› ናት። ሹፌር ሁሉ እንደዚያ ነው የሚላት፤ አለፍኳት ስትይ ዞራ ትመጣለች። ቀጥሎስ?»

«ትልቅ ኩርባ። ሥሩ ወንዝ አለ።»

«እዚያ ጋ ነው ከፊት የመጣ ባልደረባዬ በመስኮት ‹ሴት ልጅ ተወለደችልህ!› ብሎ የጮኸብኝ። መኪናውን አቁሜ ተሳፋሪውን ሁሉ አቀፍኩ። ከዚያ ወዲህ ኩርባው የሚጠራው በስምሽ ነው።»

በዚህ ዕድሜዬ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?»

«አብረን ሄደን እናውቃለን እንዴ?»

ጎማው መሬት ይነካል። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሻንጣውን ያወርዳል፤ እኔም ቀበቶዬን እፈታለሁ። አባቴ ዓይኑን አልገለጠም።

«አባባ፣ ደርሰናል እኮ» ትላለች አስተናጋጇ።

«እናንተ ደርሳችኋል። እኔ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነኝ።»

ሰዓቴን አያለሁ። ገና አራት ሰዓት ነው።

«ስንት ይቀርሃል?» እለዋለሁ።

«አንድ ዳገት፣ አንድ ድልድይ፣ ከዚያ ሜዳ ነው።»

የፈታሁትን ቀበቶ መልሼ አስራለሁ።