መሐሉ የተበሳ ጭራ

በእኛ በፍሎሪዳ ደሴቶች ለቀን ጀልባ ተከራይተው ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ያያዙት እንዳይቀላቀልባቸው፣ ካፒቴኑ በየሰዉ ዓሣ ጭራ ላይ በቢላዋ የተለያየ ምልክት ያደርጋል። ያን ቀን ደንበኞቼ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ዌንደልና ሚስቱ ሎሬታ። የእሱን ዓሦች ጭራቸውን ከላይ፣ የእሷን ከታች ቆረጥኩ። መሐሉን መብሳት ከተውኩ ዓመት አልፎኛል።

መሐሉ የድሮ ደንበኛዬ የሚስተር ሃርላን ምልክት ነበር። ከጀልባዬ ባሕር ውስጥ የወደቀ ጊዜ፣ «እስኪመሽ ፈለግኩት» ብዬ ለፖሊስ ቃሌን ሰጠሁ። እውነቱን ለመናገር ማዕበሉ አስፈርቶኝ የወደቀበትን አካባቢ አንዴ ብቻ ዞሬ ነው የሸሸሁት።

ባልና ሚስቱ ሲተራረቡ ዋሉ። «አንተ ታጠምዳለህ ወይስ ዓሣ ትቀልባለህ?» ትለዋለች።

ወደብ ደርሰን ጀልባዋን ካሰርኩ በኋላ፣ የበረዶውን ሳጥን አውርጄ ዓሦቹን ላካፍላቸው ደረደርኩ። መጨረሻ ላይ የወጣው ቀይ ዓሣ ጭራው መሐሉ ላይ ተበስቷል። ከቀዳዳው ገና ደም ይንጠባጠባል።

«ይኼስ የማን ነው?» አለ ዌንደል።

«የማንም አይደለም» አልኩና ወደ ባሕሩ ልወረውረው አነሳሁት።

ሎሬታ ክንዴን ያዘችኝ። «ኧረ ካፒቴን፣ ነውር ነው! ልብሱ እንኳ ሳይደርቅለት ሲለፋ የዋለ ሰው!» አለችና ከኋላዬ ወደታሰረችው ጀልባዬ ተጣራች። «ጌታዬ፣ ይውረዱ እንጂ! ዓሣዎን ሊጥሉብዎ ነው!»

ዞር አላልኩም። ጀልባዋ ግን፣ ሰው ሲወርድ እንደምታደርገው፣ ወደ እኛ ዘንበል ስትል እግሬ ሥር የታሰረው ገመዷ ሲላላ አየሁ።