ከዜማው በታች

ሶስና የሟች አባቷን አሮጌ የቴፕ ክሮች ወደ ኮምፒውተር እየገለበጠች ነበር። አባቷ የሙዚቃ መምህር ነበር፤ ስለ ቀድሞዎቹ የአሜሪካ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቲያትሮች ለሬዲዮ የሚያቀርበውን ንግግር ቤቱ ተቀምጦ ይቀዳ ነበር። እናቷ ጋቢ ደርባ አጠገቧ ታዳምጣለች።

የመጨረሻው ክር ማሸጊያ ላይ በአባቷ እጅ «ጥር 1961» ተብሎ ተጽፏል። ሶስና የተወለደችው በ1965 ነው።

«አድማጮቼ» አለ የአባቷ ጎርናና ድምፅ፣ «እነዚህ የቲያትር ደራሲዎች ዘፈኑን ለጌጥ አላስገቡትም። ሰው ሊናገረው ያልደፈረውን ዜማው ቀድሞ ያወጣበታል። መጀመሪያ ሙዚቃው ከንግግሩ ሥር በቀስታ ይገባል፤ ንግግሩ የት አልቆ ዘፈኑ የት እንደጀመረ አታውቁትም። እስቲ ስሙት።»

ፒያኖውን መጫወት ጀመረ። ዜማው ደረጃ በደረጃ ሽቅብ እየወጣ ሳለ፣ ከኋላው ሕፃን ልጅ አለቀሰች። አባቷ መጫወቱን አቁሞ ሳቀ።

«ይቅርታ አድማጮቼ፤ ልጄ ሶስና ነቅታለች። ነይ ሶሲዬ፣ ነይ ወደ አባባ።»

ሶስና ክው አለች። ማሸጊያውን አንስታ ዓመቱን ደግማ አነበበችው።

«እማዬ፣ ይህቺ ማናት? እኔ እኮ ያኔ ገና አልተወለድኩም።»

እናቷ አንገቷን ወደ ድምፅ ማጉያው አስግጋ ቀረች። የሕፃኗ ለቅሶ እየበረታ ሄደ። ሶስና ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ፣ እናቷ ክንዷን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ተይ፣ አታጥፊው» አለቻት። «ስሟን ያወረሰችሽ እህትሽ ናት። ድምጿን ከሰማሁ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል።»